ጌምስኮም ላይ ገና ያልወጡ ጌሞችን መሞከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦገስት ሲቃረብ እዚህ ጀርመን ያለን ጌም ወዳዶች የምንጠየቀው ነገር ይመሳሰላል። ትኬት የት ይገኛል? ሰልፉ እውነት እንደሚወራው ነው? ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል? ለእያንዳንዱ ሰው በቴሌግራም ከመመለስ ሰብሰብ አድርጌ እዚህ ጻፍኩት። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጌምስኮም ምንድን ነው?

በየዓመቱ በኦገስት ሁለተኛ አጋማሽ ኮሎኝ ከተማ የሚካሄድ ትልቅ የቪዲዮ ጌም ኤግዚቢሽን ነው። ከ2009 ጀምሮ አለ። 2020ና 2021 በኮሮና ምክንያት በኢንተርኔት ብቻ ነበር የተካሄደው። በ2025 ከኦገስት 20 እስከ 24 ሲካሄድ 357,000 ሰው ገብቶበታል።

ድሮ የጌም ወሬ ሁሉ የሚነሳው ከሎስ አንጀለሱ ኢ3 ነበር። እሱ በ1995 ተጀምሮ በዲሴምበር 2023 ጨርሶ መቅረቱ ተነገረ። ኢ3 አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ለነጋዴና ለጋዜጠኛ ነው። ለተራው ተጫዋች በይፋ ትኬት መሸጥ የጀመረው 2017 ላይ ነው። ጌምስኮም ግን ገና ከመነሻው ለተራው ሰው በሩ ክፍት ነው። እኔም የምወደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ማንም ሰው ገብቶ ያልወጣ ጌም መጫወት ይችላል?

ይችላል፣ ትኬት ካለው። ረቡዕ በዋናነት ለጋዜጠኞችና ለባለሙያዎች ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ ግን የሁላችንም ነው። ትኬት የሚሸጠው አስቀድሞ በኢንተርኔት ብቻ ነው። በር ላይ ደርሼ እገዛለሁ ብላችሁ እንዳትመጡ። ቀድሞ የሚያልቀው የቅዳሜው ነው። "ትርፍ ትኬት አለኝ" የሚል የማታውቁት ሰው በቴሌግራም ከመጣ እለፉት።

ማክሰኞ ማታ የሚደረገውና አዳዲስ ጌሞች የሚተዋወቁበት የመክፈቻ ዝግጅት የራሱ ትኬት አለው። እዚያ ማየት እንጂ መጫወት የለም። በኢንተርኔት በቀጥታ ስለሚተላለፍ ቤት ቁጭ ብሎ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰልፉ እውነት እንደሚወራው ነው?

ነው። ስም ላለው ጌም ሁለት ሦስት ሰዓት መቆም ብርቅ አይደለም። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የምትጫወቱት አሥራ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ይሄን ሂሳብ ቤቱ ሆኖ ያልተቀበለ ሰው እዚያ ሲነጫነጭ ይውላል።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ሁሉም ወደ ትልልቆቹ ይጎርፋል። መሮጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ማንም አይሮጥም፤ ሁሉም ብቻ በጣም ፈጥኖ ይራመዳል። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ምን ያህል እንደምትጠብቁ የሚናገር ሰሌዳ የያዘ ሠራተኛ ይቆማል። ሰሌዳውን እመኑት፤ ከዚያ ትንሽ ጨምሩበት። ሰልፉ ሲሞላ ደግሞ ይዘጋል። ቢዘጋም እስኪከፈት ዙሪያውን የሚያንዣብብ ሰው ሞልቷል። ሠራተኞቹ እየደጋገሙ ይበትኗቸዋል፤ እነሱም ዞር ብለው ይመለሳሉ።

አዳራሹ ውስጥ የካርቶን በርጩማ የተሸከመ ሰው ታያላችሁ። ድርጅቶች ለማስታወቂያ የሚሰጡት ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመጣና ታጥፎ መቀመጫ ይሆናል። ካገኛችሁ እንዳትለቁት። ሰልፉ ሦስት እርምጃ በሄደ ቁጥር ሰዉ ተነስቶ በርጩማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ መልሶ ዱቅ ይላል።

ብቻችሁን ከመሄድ ሁለት መሆን ይሻላል። ሽንት ቤት መሄድ አለ፣ ውኃ መግዛት አለ። ግን አንድ ሰው ተሰልፎ አምስት ጓደኛ ማስገባት አይሠራም። ከኋላ ያሉት ዝም አይሉም፤ ጀርመኖች ሰልፍ ላይ ቀልድ አያውቁም።

በአንድ ቀን ስንት ጌም ልሞክር እችላለሁ?

ትልልቆቹን ብቻ ካሳደዳችሁ ሁለት፣ ከቀናችሁ ሦስት። ትንንሾቹን ከጨመራችሁ ደርዘን ያህል ይሆናል። የኔ ምክር አንድ ትልቅ ጌም መርጦ ጠዋት እሱን መጨረስ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ለማታውቋቸው መስጠት ነው።

የትኛውን ልምረጥ?

ብዙ ሰው የሚመርጠው በስሙ ነው። እኔ በቅድሚያ የማየው የሚወጣበትን ቀን ነው። ጥሩ ምሳሌ አለኝ። ሆሎው ናይት ሲልክሶንግ የሚባለው ጌም በ2019 ታውጆ ለዓመታት ጠፋ። ድንገት በ2025 ጌምስኮም ላይ፣ ኤክስቦክስ የሚባለው የጌም ማሽን በሚታይበት ቦታ፣ ለተራው ሰው ቀረበ። ሰዉ ተሰለፈ። ኤግዚቢሽኑ ገና ሳያልቅ ሠሪዎቹ ጌሙ ሴፕቴምበር 4 እንደሚወጣ ተናገሩ፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ማለት ነው። ዋጋውም 20 ዶላር አካባቢ። ለስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ቢሰለፍ አልፈርድበትም። ሌላው ግን በሁለት ሳምንት ሶፋው ላይ ሆኖ ሊጫወተው የሚችለውን ጌም ለማየት ግማሽ ቀኑን መስጠቱ አይታየኝም።

ተቃራኒው ብላክ ሚዝ ውኮንግ የሚባለው ጌም ነው። በ2023 ኮሎኝ ላይ የሞከሩት ሰዎች ጌሙ እስኪወጣ፣ ማለትም እስከ ኦገስት 20 ቀን 2024፣ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። ከዚያ በፊት ከማይታወቅ የቻይና ስቱዲዮ (ጌም ሠሪ ድርጅት) የመጣ ሥራ ስለነበር "ቪዲዮው ያማረውን ያህል ጨዋታውም ይጥማል ወይ?" የሚለው በጣም ያጠራጥር ነበር። እንዲህ ላለው መሰለፍ ያዋጣል። ጆይስቲክ ሳይያዝ የማይመለስ ጥያቄ ነውና።

ተራዬ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ብዙ ጊዜ በቡድን ያስገቧችኋል። አጠር ያለ ቪዲዮ ያሳዩና ወደ ስክሪኖቹ ይመሯችኋል። ጆይስቲኩ በገመድ ታስሯል። የጆሮ ማዳመጫ ተሰቅሏል። ከስክሪኑ ሥር የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት አለ። እሱን ሰልፍ ላይ ሆናችሁ የፊተኛው ሰው ሲጫወት አንገታችሁን አስግጋችሁ አጥኑት። ተቀምጦ ማንበብ ጊዜ ይበላል።

ስክሪኑ በጀርመንኛ ከሆነ ወዲያው እጃችሁን አንሱ፤ ሠራተኛው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይርላችኋል። ካሜራ ገልብጣችሁ የምትጫወቱ ከሆነም መጀመሪያ ማስተካከያው ውስጥ ግቡ። አንድ ቦታ ተጣብቃችሁ ከቀራችሁ ጠይቁ፤ ወደፊት የሚያሻግሩበት መንገድ አላቸው። ኩራት አያስፈልግም። ሰዓቱ ሲሞላ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ቦስ (ዋናውን ጠላት) ልትገድሉ ሁለት ምት ቢቀራችሁም ይጠቁራል።

ጆይስቲኩ ላይ የቀደማችሁ ሰው ላብ ገና አልደረቀም። ሳኒታይዘር ያዙ። ከጌምስኮም ጉንፋን ይዞ መመለስ የታወቀ ነገር ነው።

ዴሞው (ለሙከራ የሚቀርበው የጌሙ ቁራጭ) ካስደሰተኝ ጌሙ ጥሩ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ዴሞ ጉርሻ ነው። አጉራሹ ከትሪው ላይ መርጦ፣ አሳምሮ ጠቅልሎ ነው የሚሰጣችሁ።

አሠራሩን ማወቅ ይረዳል። ስቱዲዮው ከኤግዚቢሽኑ ወራት ቀደም ብሎ ከጌሙ አንድ ቁራጭ ይለያል። ያ ቁራጭ ለብቻው ይሠራል፣ ይወለወላል። ጠላቶቹ ትንሽ ይደክማሉ፤ ሰው በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሞቶ ተናዶ እንዳይወጣ። በጌሙ ውስጥ ከአሥር ሰዓት በኋላ የሚገኝ መሣሪያ ከመጀመሪያው ይሰጣችኋል። ካርታው በማይታይ ግድግዳ ይታጠራል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፤ ዴሞ ያለ እሱ አይሠራም። ግን የተጫወታችሁት ጌሙን ሳይሆን የጌሙን ማስታወቂያ መሆኑን እያወቃችሁ ተጫወቱ።

የሚታየውም ቁራጭ በዕቅድ ነው የሚመረጠው። በ2025 የቀረበው ሬዚደንት ኢቭል ሬኩየም የሚባለው አስፈሪ ጌም ዴሞ ግሬስ የምትባለውን አዲስ ገጸ ባሕርይ ይዞ ነበር። ጨለማ፣ ላይተር፣ ከኋላ የሚከተል ጭራቅ። ያንን የተጫወተ ሰው "መደበቅና መሸሽ የበዛበት ጌም ነው" ብሎ ቢወጣ አይፈረድበትም። ዲሴምበር ላይ ግን ከቀደሙት የሬዚደንት ኢቭል ጌሞች የሚታወቀው ሊዮን ኬኔዲም እንዳለበትና በሱ በኩል ውጊያ እንደሚበዛ ተነገረ። ዴሞው አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው ያሳየው።

የከፋው ምሳሌ ሳይበርፐንክ 2077 ነው። ለዓመታት በየኤግዚቢሽኑ አፍ ያስከፈተ ጌም ነው። ጋዜጠኞች ከመውጣቱ በፊት የሞከሩት በኃይለኛ ኮምፒውተር ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 4ና የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ላይ ሊጫወቱት የማይቻል ሆኖ ተገኘ። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከመደብሩ አነሳው። የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ዛሬ ጌሙ ተስተካክሎ ጥሩ ሆኗል፤ በመጀመሪያው ቀን ገንዘቡን ያወጣው ሰው ግን ያኔ ተቃጥሏል።

ታዲያ ዴሞ ላይ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ የሚሠራበትን ማሽን። ስክሪን ሥር ያለው ጆይስቲክ የፕሌይስቴሽን ስለሆነ ብቻ ውስጥ ያለው ፕሌይስቴሽን ነው ማለት አይደለም። መጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። "ይሄ በምን ላይ ነው የሚሠራው?" ብላችሁ ጠይቁ። በግልጽ ከነገሯችሁ ጥሩ ነው። "እርግጠኛ አይደለሁም" ካሉ ያን በልባችሁ ያዙ። ሠራተኞቹ ለጥቂት ቀን ብቻ የተቀጠሩ ወጣቶች ስለሆኑ ላያውቁ ይችላሉ። የስቱዲዮውን ቲሸርት የለበሰውን ፈልጉ፤ ሠሪው እሱ ነው።

ቀጥሎ እጃችሁን አድምጡ። ግራፊክስ ቪዲዮ ላይም ይታያል፤ ለሱ ኮሎኝ ድረስ መምጣት አያስፈልግም። ቪዲዮ የማያሳየው ቁልፉን ስትጫኑና ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ሲንቀሳቀስ መካከል ያለውን መዘግየት ነው። ዝላዩ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ሰይፉ ሲያርፍ ይሰማል? ካሜራው ጠባብ ቦታ ላይ ያስቸግራል? እነዚህ በመጨረሻ ደቂቃ ብዙም አይቀየሩም። የጎደለ ድምፅ፣ አልፎ አልፎ የሚቆራረጥ ምስል፣ ግድግዳ ውስጥ የገባ እግር ግን ገና የሚስተካከል ነገር ነውና ብዙ አትፍረዱበት።

ሌላው፣ የማያስፈልገውን አድርጉ። ቀስቱ ወደ ቀኝ ሂዱ ሲላችሁ ወደ ግራ ሂዱ። ሳጥን ምቱ። ውኃ ውስጥ ዝለሉ። ጌሙ ምን ያህል ለተጫዋቹ እንደታሰበበት የሚታወቀው ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ነው።

እዚያው ሞቅ ብሏችሁ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ። ጌሙ ከወጣ በኋላ የተጫወቱ ሰዎችን መስማት ምንም አያስከፍልም።

ስለ ትንንሾቹ ጌሞችስ?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጌምስኮም ማለት እነሱ ናቸው። አዳራሽ 10.2 ውስጥ ትንንሽ ስቱዲዮዎች በአንድ ላይ የሚያሳዩበት ሰፊ ቦታ አለ። ሰልፉ ሁለት ሦስት ሰው ነው። ከጎናችሁ የሚቆመው ጌሙን የሠራው ሰው ራሱ ነው። ደብተር ይዞ የት እንደተሳሳታችሁ ይጽፋል። አንድ በር ማግኘት አቅቷችሁ ሦስት ጊዜ ብትዞሩ እሱ ሳይነግራችሁ ዝም ብሎ ያያል፤ ልጁ ፈተና ላይ የተቀመጠበት ወላጅ ይመስላል። ስትጨርሱ የልባችሁን ንገሩት። "ጥሩ ነው" ከሚል ይልቅ "እዚህ ጋ ሰለቸኝ" ማለት ይጠቅመዋል። ትልልቆቹ ዘንድ አስተያየታችሁን የሚሰማ የለም፤ እዚህ ግን የተናገራችሁት ጌሙ ሲወጣ ተስተካክሎ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት ይቻላል?

አዳራሹን፣ ሐውልቶቹን፣ እንደ ጌም ገጸ ባሕርይ የለበሱትን ሰዎች (ፈቃድ ጠይቃችሁ) ይቻላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚታይ ጌም ግን አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው፤ ምልክት ይለጠፋል። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ተዉት። ለአንድ ቲክቶክ ብሎ ሁለት ሰዓት ከጠበቀበት ቦታ መባረር አለ።

ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን የጀርመንን የዕድሜ ሕግ ዕወቁ። ጌሞች ላይ በቀለም የሚለይ ምልክት አለ፤ ነጭ ለሁሉም፣ ቢጫ ከ6፣ አረንጓዴ ከ12፣ ሰማያዊ ከ16፣ ቀይ ከ18 ዓመት በላይ። ጌምስኮም ላይ መታወቂያ ታይቶ ዕድሜን የሚያሳይ የእጅ ማሰሪያ ይሰጣል። ማሰሪያው ከሌለ ለዚያ ዕድሜ የተፈቀደው ጌም ጋ አያስጠጉም። የ18 ዓመቶቹ ጌሞች ከውጭ እንዳይታዩ በግድግዳ ተከልለዋል። "እናቱ ነኝ፣ እኔ ፈቅጃለሁ" ማለት አይሠራም።

ስለዚህ የአሥራ አራት ዓመት ልጃችሁ "ሁሉም ጓደኞቼ ይጫወቱታል" የሚለውን የጦርነት ጌም እዚያ እንደማይነካው ከቤት ሳትወጡ ንገሩት። በር ላይ ከሚያኮርፍ ይሻላል። ለትንንሾቹ የቤተሰብ ቦታ አለ፤ ኔንቴንዶም ዘንድ ብዙው ጌም ለልጅ የሚሆን ነው። ቅዳሜ ግን ሕፃን ይዛችሁ አትሂዱ። ጫጫታው ለአዋቂም ይከብዳል።

ፍልሰታ ላይ ይውላል፣ ምን ልብላ?

ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን በ2025 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከጾሙ መጨረሻ ጋር ገጥመው ነበር። ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ ጀርመን ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ ድንች ጥብስ ብቻውን ያድናል። ችግሩ ዋጋውና የምግብ ሰልፉ ነው። ቆሎና ዳቦ ሻል ያለ ነው። በሶ በጠርሙስ በጥብጦ የሚመጣም አይቻለሁ፤ አራዳ ብዬዋለሁ።

የኳስ ጌም መሞከርስ?

ዕድሉ ቢገኝም አልሰለፍም። ከዓመት ዓመት የሚለወጠው ትንሽ ነው፤ ስሙ በ2023 ከፊፋ ወደ ኤፍሲ ሲቀየር እንኳ እጅ ላይ የተሰማው ልዩነት ከስሙ ያነሰ ነበር። ጓደኛ ቤት ሁለት ግጥሚያ ስትጫወቱ ይገባችኋል።

ኮሎኝ እንዴት እደርሳለሁ?

ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ኮሎኝ ሜሰ/ዶይትስ ጣቢያ ከወረዳችሁ አዳራሹ እዚያው ነው። ከዋናው ጣቢያ የመጣ ደግሞ የራይንን ድልድይ በእግሩ ይሻገራል። ሆቴል በዚያ ሳምንት እሳት ነው፤ ቦን ወይም ዱሰልዶርፍ ዘመድ ያለው አሁኑኑ ይደውል።

ከጌምስኮም ሌላ የት መሞከር ይቻላል?

ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጌም ማሽን) ሠሪዎቹ ራሳቸው አንዳንዴ ያዘጋጃሉ። ኔንቴንዶ ስዊች 2 በጁን 5 ቀን 2025 ከመውጣቱ በፊት ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊን፣ ሚላኖ፣ አምስተርዳምና ሌሎችም ከተሞች ውስጥ ሰዉ በነፃ እንዲሞክረው ተደርጎ ነበር። መግቢያው በዕጣ ነው፤ የኔንቴንዶ አካውንት ያለው ይመዘገባል፣ የደረሰው ይገባል። ሰዓት ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ መጨናነቁ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታወጅ ምዝገባው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚከፈተውና ነቃ በሉ። አሜሪካ ላላችሁ ቦስተንና ሲያትል የሚካሄደው ፓክስ የሚባል የጌም ኤግዚቢሽን አለ። ጃፓን የሚሄድ ደግሞ በሴፕቴምበር የቶኪዮ ጌም ሾው አለለት፤ ቦታው ግን ቶኪዮ ሳይሆን ጎረቤቷ ቺባ ነው።

ኢትዮጵያ ነው ያለሁት፣ ያልወጡ ጌሞችን የምሞክርበት መንገድ አለ?

አለ፣ ግን በኮንሶል ትንሽ ጣጣ አለው። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ሰዉ የሌላ አገር አካውንት ከፍቶ በስጦታ ካርድ ይገዛል። ይሄ ከሶኒ ደንብ ጋር እንደማይሄድና አካውንቱ ቢዘጋ አቤት የሚባልበት እንደሌለ እያወቃችሁ ግቡበት።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ተመችቶታል። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ በዓመት ሦስት ጊዜ ኔክስት ፌስት የሚባል ሳምንት አለ። ገና ያልወጡ ከሺህ በላይ ጌሞች ዴሞ በነፃ ይለቀቃል። ብዙዎቹ በኋላ ኮንሶል ላይም የሚወጡ ናቸው፤ ኮሎኝ አዳራሽ 10.2 የሚቀርቡትም አንዳንዶቹ እዚያው ይገኛሉ። ከባድ ማሽን የማይፈልጉት ይበዛሉ። አንዳንዱ ዴሞ ግን ብዙ ጊጋባይት ነውና በሞባይል ዳታ አትጀምሩት፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሌሊት ላይ አውርዱት። ሳምንቱ ሲያልቅ ብዙው ዴሞ ስለሚነሳ ያወረዳችሁትን ቶሎ ተጫወቱት።